በሬ መፍቻ ሰዓት

ከመካኒሳ ወደ ጋርመንት በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለሆነ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። አጠገቤ ያለው ጎልማሳ ባለ ቀለም ኳሶችን በጣቱ እየገፋ ያፈነዳል። ረዳቱ "ሂሳብ የኋላ!" ሲለው እንኳ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደው ቀና ሳይል ነው። እኔም ስልኬን እያየሁ ነበር። ምን እያየሁ እንደነበር ግን ብጠየቅ መልስ የለኝም።

መንገድ ላይ አንዲት ሴት የሽንብራ እሸት ታቅፋ ገባች። ከእሷ በፊት ሽታው ገባ። ጎምዘዝ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ጤዛ ያልተለየው የቅጠል ሽታ ነው። ሽንብራ ነቅሎ የሚያውቅ ሰው እጁን ቢታጠብም እስከ ማግስቱ ከጣቱ አይለቀውም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ መጡብኝ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ያኔ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ፣ በእሳቸው ግቢ ውስጥ እሳቸው፣ እማዬና እኔ እንኖር ነበር። አባባ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው። አገሩ ከተማ ሲሆን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ከተሜ ሆኑ። ማሳቸው በየዓመቱ ከዳር እየተቆረሰ አስፋልትና ፎቅ ሆነና፣ በመጨረሻ ከጓሯችን እስከ አዲሱ መንገድ የሚደርስ አንድ ቁራጭ ጥቁር መረሬ መሬት ብቻ ቀረ። በሬዎቹ ቀድመው ተሸጠዋል። መሬቱን ከዘመድ በሬ እየተዋሱ ነበር የሚያርሱት። ቀንበሩ ግን በዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ፣ ዝናብ ሲዘንብ የአሮጌ ላብ ሽታ ይሸት ነበር።

ያን ክረምት አጎቴ አሮጌ ስልኩን ሰጠኝ። የመስታወቱ ጥግ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። አንድ ጨዋታ ነበረው፣ እርሻ ነው። ታርሻለሽ፣ ትዘሪያለሽ፣ ውሃ ታጠጪያለሽ። ቶሎ ካልተመለስሽ ስንዴው ይጠወልግና አንገቱን ይደፋል። ከየአገሩ የመጡ ጎረቤቶችም ነበሩኝ። አንዷ ቢጫ ቆብ አድርጋለች፣ በየቀኑ አንድ ባልዲ ውሃ ትልክልኛለች። ትምህርት ቤት መምህሩ ስሜን ሲጠሩ "አቤት" ለማለት ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነበርኩ። ባለ ቢጫ ቆቧ አንድም ቀን እንድናገር አልጠየቀችኝም። ስለዚህ ወደድኳት። ዛሬ ሳስበው ሰው መሆኗንም እጠራጠራለሁ። ምናልባት ማሽኑ ራሱ ነበር ውሃውን የሚልክልኝ። ያኔ ግን አንድ ቀን ሳልመጣ ብቀር የምታዝን ይመስለኝ ነበር።

እማዬ መካኒሳ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አንድ ምሽት እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች።

"ምንድነው የሚሸተኝ?" አለች ገና ከበር።

ምስሩ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኗል።

"አንቺ ልጅ፣ አፍንጫም የለሽ?"

"ይቺን ብቻ ልጨርስ ብዬ…"

"ይቺን ብቻ! ጠዋትም ይቺን ብቻ፣ ማታም ይቺን ብቻ! ዓይንሽን አይተሽዋል? ደም መስሏል። በቃ፣ ነገ ስልኩን ለአጎትሽ እመልስለታለሁ።"

አባባ ከመደባቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉና፣

"ዋስ ትጥራ" አሉ።

"የምን ዋስ አባዬ?"

"የተከሰሰ ሰው ዋስ ሳይጠራ ይፈረድበታል? በየት አገር?"

"አባዬ፣ በማርያም፣ ደክሞኛል።"

"ከደከመሽ ተቀምጠሽ ፍረጂ። አንቺ፣ ዋስ ጥሪ።"

አንገቴን ደፋሁ። ከሰው ሁሉ ማንን እንደምጠራ አላወቅሁም። ባለ ቢጫ ቆቧ ትዝ አለችኝ፣ እሷ ግን በስም አትጠራም። አባባ ራሳቸው፣

"ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ።

"ዋስ ከሆኑማ መያዣ ያስይዙ" አለች እማዬ። ድካም ያመጣው ቀልድ ነበር። አባባ ግን ተነሱ፣ ሬዲዮናቸውን አጠፉ፣ ከነገመዱ አንስተው እግሯ ሥር አስቀመጡላት። አባባ ያለዚያች ሬዲዮ ዜና አይሰሙም፣ እህል አይበሉም፣ እንቅልፍም አይወስዳቸውም።

እማዬ ሬዲዮኑንና አባቷን ተራ በተራ አየች። "እሺ" አለች በመጨረሻ። "መጫወት አልከለክላትም። ግን ልክ ይኑረው። ሲበቃት ራሷ ታስቀምጥ። ካፈረሰች ስልኩ ለባለቤቱ፣ ሬዲዮኑ ለእኔ።"

"ለአንቺ" አሉ አባባ፣ ሬዲዮናቸውንም መልሰው ከመደባቸው በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ ጠዋት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ዋስ የሆንኩበትን ማሳ አሳዪኝ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን እንደ መስታወት ከፊታቸው አራቁት።

"በሬዎቹስ?"

"በሬ የለም አባባ፣ ትራክተር ነው። ይኸው።"

"ይሄ ግራጫው? ዳለቻ በይው።" ዳለቻ ከሸጧቸው በሬዎች የአንዱ ስም ነው፣ በኦሮምኛ ግራጫ ማለት ነው። "ደግሞ ምነው ቆመ?"

"ደክሞት ነው። ማስታወቂያ ካየሁለት ይነሳል።"

"ማን ነው የሚነሳው?"

"ትራክተሩ።"

አባባ ብዙ አሰቡ። "ባለቤቱ ማስታወቂያ ሲያይ የሚነሳ በሬ" አሉ። "ይሄ ሰውዬ በሬ አያውቅም ልጄ።" ሰውዬ ያሉት ጨዋታውን የሠራውን ነው። ክረምቱን በሙሉ እንደ አንድ መጥፎ ጎረቤት አድርገው ያሙት ነበር።

ይሄን እያወራን ስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸ። ስንዴ ሲደርስ ነው የሚጮኸው፣ ጠዋት ቢሆን፣ ከሰዓት ቢሆን፣ እራት ላይ ቢሆን ግድ የለውም።

"ማታ የሚጮኸው ይሄ ነው?"

"አዎ።"

"እኛ ዘንድ በማታ የጮኸ ዶሮ ይታረዳል። እረጂው።"

እንዴት እንደሚታረድ ፈልጌ አገኘሁት። አንዲት ቁልፍ ነበረች፣ ስነካት ዶሮው ዝም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ማሳው የምሄደው ስፈልግ እንጂ ስጠራ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስል ነበር። ያልጮኸ ዶሮ እሰማ ነበር።

ሰዓቱን የወሰኑት በጥላ ነው። በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር መቱ። የቆርቆሮው ጥላ ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ቀትር ነው፣ ገበሬም በሬውን የሚፈታው ያኔ ነው። ክረምት ስለሆነ ብዙ ቀን ጥላ አይኖርም። እንዲህ ያለ ቀን አባባ ወደ ሰማይ አይተው ይገምታሉ፣ ግምታቸውም ሁልጊዜ ለበሬው ያደላ ነበር።

"ፍቺ!" ይላሉ ከመደባቸው።

"ይቺን ትልም ብቻ…"

"በሬው ትልም አይቆጥርም። ፍቺ!"

ስፈታ እጄን ይይዙና ወደ ጓሮ ይወስዱኛል። ማሳው ዳር አቁመው ፉሪ ተራራን ያሳዩኛል። "ሩቅ እዪ። በሬም ሲፈታ መጀመሪያ ቀና ነው የሚለው።" ፉሪ በክረምት ግማሹ ደመና ነው። እሱን ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቆይቶ እንደ ቀዘቀዘ ውሃ ይሆናል። አንዳንዴ እዚያው ብዙ እንቆማለን። እኔ ተራራውን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው እሳቸው ከተራራው በፊት ያለውን፣ ቤት የተሠራበትን የድሮ ማሳቸውን ያዩ እንደነበር የገባኝ።

የመጣላታችን ምክንያት ግን በዓል ነበር። ሐምሌ ገብርኤል ጠዋት ስልኩን ስከፍት አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በር ላይ ቆመዋል።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላርስ።"

"በገብርኤል?"

"አባባ፣ የስልክ ማሳ እኮ ነው!"

"አይታረስም?"

"ይታረሳል፣ ግን…"

"የሚታረስ ከሆነ በገብርኤል አይታረስም። አለቀ።"

"ስንዴው ይደርቅብኛላ!"

"ይድረቅ።"

"ጎረቤቶቼስ? ውሃ የላከችልኝስ?"

"በበዓል የሚመጣ ጎረቤት ሊጠይቅሽ ነው እንጂ ተነሽ አርሽ ሊልሽ አይደለም።"

ያን ቀን አለቀስኩ። ገብርኤል ሲያልፍ ማርያም መጣች፣ ከማርያም ቀጥሎ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ በዓለ እግዚአብሔር። ቅዳሜና እሁድ በመሐል ይገባሉ። አባባ አንዱንም አይረሱም። በልቤ፣ ሰማይ ቤት ያሉት ቅዱሳን ሁሉ ከእኔ ስንዴ ጋር ጠብ አላቸው እል ነበር። ስንዴው ደረቀ። በማግስቱ ስመለስ ደረቁን አጭጄ እንደገና ዘራሁ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ባለ ቢጫ ቆቧም ውሃዋን ልካለች። አልተቀየመችኝም። ይሄ በጣም ገረመኝ። ትንሽም ከፋኝ።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ተከፈተ። የከሰዓት ፈረቃ ስለደረሰኝ ጥላው ሚስማሩ ጋ ሲደርስ ስልኩን መደቡ ላይ ትቼ፣ ምሳዬን በልቼ እሄዳለሁ። እማዬ አንድ እሁድ ፀጉሬን እየሠራችልኝ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። "ዓይንሽ ጠርቷል" አለች። እሷ የምስጋና ቃል አታበዛም። አባባ ግን የሬዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

የጓሮው ማሳ ላይ ሽንብራ የተዘራው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ኅዳር ሲቃረብ ማሳው አረንጓዴ ሆነ፣ አላፊ አግዳሚም ዓይኑን ጣለበት። መንገዱ ዳር ስለሆነ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት ሥር ነቅሎ ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። አባባ "ስታዪ ጩኺ" ብለውኛል። መጮህ አልችልም። ሰው ሲያጎነብስ ሳይ እጄን አጨበጭባለሁ።

"ለማን ነው የምታጨበጭቢው?" አለኝ አንድ ቀን ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት፣ እየበላ። "ለእኔ ከሆነ አመሰግናለሁ!"

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ቅጠሉ ውስጥ ተደበቅሁ። ጤዛው ቀሚሴን አርሶት፣ ጎምዛዛው ውሃ የተቧጨረ ጉልበቴን ያቃጥለኝ ነበር።

አንድ ቀን እዚያው ሆኜ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አቁመው ወደ እኛ ማሳ ሲያነጣጥሩ አየሁ። ፎቶ የሚያነሱን መሰለኝ። ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ ቀሚሴን ወደታች ጎተትኩ፣ ተራራው ከኋላዬ እንዲገባ ወደ መሐል ጠጋ አልኩ። ከሰዎቹ አንዱ በእጁ ገለል በይ አለኝ። አባባ አጥር ሥር ቆመው ያዩ ነበር።

"አባባ፣ ፎቶ ሊያነሱን ነው? ሽንብራው አምሮባቸው ነው?"

"አዎ ልጄ" አሉ። "አምሮባቸዋል።"

ያን ማታ ሬዲዮናቸው ተዘግቶ አመሸ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መሬቱን ለመውሰድ እህሉ እስኪደርስ እንኳ አይጠብቁም?" ስትላቸው ሰማሁ። አባባ የመለሱትን አልሰማሁም። እኔ ስለ ስልኩ የተቆጡ መስሎኝ፣ በማግስቱ ጥላው ሳይደርስ ፈታሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት አባባ ማሳው መሐል ቆመው ሲጮሁ ሰማሁ። "ኑ! ኑ ንቀሉ! እሸት ነው፣ ኑ!"

ታክሲ የሚጠብቁት ተያዩ። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ከዚያ ተማሪዎቹ፣ ከዚያ ጥበቃዎቹ፣ ከዚያ ረዳቶቹ ሳይቀሩ መኪናቸውን አስቁመው መጡ። አባባ ራሳቸው እየነቀሉ በየእጁ ያስታቅፏቸዋል። ያ የቀለደብኝ ወጣትም መጣ። እሳቸው ትልቅ እስር ሰጡት። እሱ ግን እንደ ድሮው አልሳቀም። "አባቴ፣ ገና እኮ ነው" አላቸው። "ገና ነው" አሉ አባባ፣ "ውሰድ።"

እኔ ድግስ መስሎኝ ነበር። አጨበጨብኩ። እየሮጥኩ ነቀልኩ፣ በላሁ፣ ከንፈሬ እስኪቆስል በላሁ። ሲመሽ ማሳው ተላጭቶ ነበር። አባባ እጃቸውን ታጠቡ፣ አሸተቱት፣ እንደገና ታጠቡ።

ማሽኑ የመጣው በማግስቱ፣ በኅዳር ሚካኤል ነው።

በዚያ ቀን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ከነጋ ጀምሮ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል፣ የሰው ሁሉ ዓይን ያለቅሳል። አባባ ማልደው ሚካኤልን ሊሳለሙ ሄዱ። ቅዳሜ ስለነበር ትምህርት የለም፤ የቤት ሥራዬን ስሠራ ከጓሮ ትልቅ ድምፅ መጣ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ አየሁ። ቢጫ ዶዘር መረሬውን እየገለበጠ ወዲያና ወዲህ ይላል። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ሳላስበው፣ ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ አልኩ።

የወደቁትን ሽንብራዎች እየለቀምኩ ቆየሁና ስመለስ አባባ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። መቼ እንደገቡ አላየሁም። ነጠላቸው እንደተጣፋ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ይዘዋል። ጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትሄዳለች። ዳለቻ ያርሳል። የእኔን የደረሰ ስንዴ ሁሉ ገልብጠውታል፣ ባዶውን መሬት ሁሉ አርሰዋል፣ የታረሰውን እንደገና ያርሳሉ። በሬው ሲደክምባቸው ማስታወቂያው ይመጣል። የሳሙና ነበር። እስኪያልቅ ዝም ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

"አባባ" አልኩ።

አልሰሙኝም። ከጓሮ ዶዘሩ ያጓራል።

"አባባ፣ ሚካኤል ነው እኮ።"

"እነሱም እያረሱ ነው" አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

በበሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ አየሁ። ጭሱ ፀሐይዋን ስላደበዘዛት ጥላው ከመኖር የማይቆጠር ነበር። ቢሆንም ሚስማሩን አልፏል። ምን ማለት እንዳለብኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"አባባ፣ ጥላው ደርሷል። ይፍቱ።"

"ይቺን ትልም ብቻ" አሉ።

የእኔን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ፈራሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጄን ከጣታቸው በታች፣ መስታወቱ ላይ አደረግሁ። ጣታቸው እጄን ትንሽ አረሰች። ከዚያ ቆመች።

"በሬው ትልም አይቆጥርም" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጭሱ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። እጃቸውን ይዤ ወደ ውጭ ወሰድኳቸው፣ በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር። ሩቅ እንዲያዩ ፈልጌ ነበር። ፉሪ ግን የለም። ከአጥሩ ወዲያ ሁሉ ጭስ ነው። ቢሆንም ባለበት አቅጣጫ ፊታችንን አዙረን ቆምን።

እማዬ ከሥራ ስትገባ ሬዲዮኑ መቀመጫዋ ላይ ነበር። አባባ ራሳቸው ነበሩ ያስቀመጡት። እሷ ሬዲዮኑን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ፊቷ ጠቆረ።

"አፈረስሽው?"

"እሷ አይደለችም" አሉ አባባ። "ዋሱ ነው ያፈረሰው። በሚካኤል አረስኩ።"

እማዬ ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። በተከፈተው የጓሮ በር በኩል ማሳው ይታያል። ዶዘሩ ሄዷል፣ የጥርሱ ምልክት ብቻ አፈሩ ላይ ቀርቷል። ከዚያ ሬዲዮኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"እንግዲህ" አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ፣ "ለዋሱስ ዋስ ማነው?"

አባባ መሬት መሬት አዩ። እሳቸውም ማንን እንደሚጠሩ አላወቁም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ድምፄ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"መያዣስ?" አለች እማዬ።

ስልኩን አምጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥኩ። ባለ ቢጫ ቆቧ ትዝ አለችኝ፣ ውሃ እየላከች ይሆናል። ማሳው ግን ታርሶ ጦሙን ያድራል።

እማዬ ተነስታ ሬዲዮኑን ከመደቡ በላይ ባለው ሚስማር ላይ መልሳ ሰቀለችው፣ ለእሳቸው በሚሆን ድምፅ ከፈተችው። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ቆየሁ። ዜናው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንዲት ጣታቸው ግን ጋቢው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትሄድ ነበር። ሽንብራ ሽንብራ ትሸታለች። እጄን ጫንኩባት። እስክትቆም አላነሳሁም።